ኤስትሮጅን ሲቀንስ አጥንት ምን ይሆናል? በማረጥ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶችና ለልጆቻቸው የተዘጋጀ መመሪያ

ማረጥ ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የሚታየውና የሚሰማው ነው፤ የወር አበባ መዛባቱና መቅረቱ፣ ድንገተኛው ሙቀት፣ የሌሊቱ ላብ፣ የእንቅልፍ እጦቱ። በአጥንት ላይ የሚደርሰው ለውጥ ግን አያምምም፣ አይታይምም፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ሴቶች ነገሩን የሚያውቁት የእጅ አንጓቸው ከተሰበረ ወይም ጀርባቸው መጉበጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ፣ የወር አበባቸው መዛባት ለጀመረ ወይም ከቀረ ጥቂት ዓመታት ለሆናቸው እናቶች የተጻፈ ነው። አጥንት በፍጥነት የሚጠፋው የመጨረሻው የወር አበባ ከመምጣቱ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ጀምሮ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የሚፈርሰው የውስጥ መዋቅርም እንደ ቀድሞው ተመልሶ ስለማይሠራ፣ ጥንቃቄው ስብራት ሳይመጣ በእነዚሁ ዓመታት መጀመር አለበት።

በአጥንት ውስጥ የሚካሄደው ነገር

አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲታደስ የሚኖር ሕያው አካል ነው። አፍራሽ ሴሎች ያረጀውን ክፍል እየቦረቦሩ ያነሣሉ፤ ገንቢ ሴሎች ተከትለዋቸው ጉድጓዱን በአዲስ አጥንት ይሞላሉ። በአንድ ቦታ ላይ ማፍረሱ በጥቂት ሳምንታት ሲያልቅ መገንባቱ ከ3 እስከ 4 ወራት ይፈጃል። በአዋቂ ሰው ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ በዚህ መንገድ ይታደሳል። የፈረሰው በፈረሰበት ልክ እስከተተካ ድረስ አጥንት ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል፤ በሴቶች ይህን ሚዛን ከሚጠብቁት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ እንቁላል ከሚያመነጩት እጢዎች የሚወጣውና በማረጥ ጊዜ የሚቀንሰው ሆርሞን፣ ኤስትሮጅን፣ ነው።

ኤስትሮጅን አፍራሽ ሴሎች እንዲበዙ የሚያደርገውን ራንክ-ኤል የተባለ ፕሮቲን ይገታል፤ ይህንኑ ፕሮቲን የሚያከሽፈውን ኦስቲዮፕሮቴጀሪን ያበዛል፤ ሥራቸውን የጨረሱ አፍራሽ ሴሎችም በጊዜያቸው እንዲሞቱ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ በአጥንቱ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩትን፣ የሚያርፍበትን ጫና እየለኩ የት መጠናከር እንዳለበት የሚጠቁሙትን ሴሎች ከመሞት ይጠብቃል። ሆርሞኑ ሲቀንስ በአንድ ጊዜ የሚቦረቦሩት ቦታዎች ይበዛሉ፣ ጉድጓዶቹ ይጠልቃሉ፣ አፍራሾቹ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ፤ ገንቢዎቹም ቢሠሩ አይደርሱባቸውም። አሜሪካዊው ሐኪም ፉለር ኦልብራይት ከማረጥ በኋላ የሚመጣውን የአጥንት መሳሳት ከኤስትሮጅን እጥረት ጋር አያይዞ ያስረዳው በ1941 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር።

ጉዳቱ በሁሉም አጥንት ላይ እኩል አይደለም። ከአጥንታችን 80 በመቶ ያህሉ ጠጣር ቅርፊት ሲሆን ቀሪው 20 በመቶ በውስጥ በኩል ያለ፣ በቀጫጭን ዘንጎች የተሠራ ስፖንጅ መሰል አጥንት ነው። አፍራሽ ሴሎች የሚሠሩት በገጽታ ላይ ስለሆነና የስፖንጁ ገጽታ በጣም ሰፊ ስለሆነ፣ የኤስትሮጅን መቀነስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ይህንኑ ክፍል ነው። የአከርካሪ አጥንቶችና የእጅ አንጓ ጫፍ ከሌላው ቀድመው የሚሰበሩትም በውስጣቸው ብዙ ስፖንጅ መሰል አጥንት ስላለ ነው።

የአንድን የአከርካሪ አጥንት ውስጥ ቀረብ ብለን ብናየው አሠራሩ የጭቃ ቤት ግድግዳን ይመስላል፤ ክብደት የሚሸከሙ ቋሚዎች አሉት፣ ቋሚዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙ ማገሮች አሉት። ከማረጥ በኋላ ቀድመው የሚበሱትና የሚበጠሱት ቀጫጭኖቹ ማገሮች ናቸው። ቋሚዎቹ በቦታቸው ቢቆዩም መሐል ላይ የሚይዛቸው የለም። አንድ ቀጭን ቋሚ ያለ ድጋፍ የሚቆምበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ይህ በምሕንድስና የታወቀ ሕግ ነው። ስለዚህ የአጥንቱ መጠን የቀነሰው በጥቂቱ ሆኖ ሳለ ጥንካሬው በብዙ እጥፍ ሊቀንስ ይችላል። ገንቢ ሴሎች አዲስ አጥንት የሚያለብሱት ባለ አጥንት ላይ ነው፤ ማገሩ ከተበጠሰ በኋላ ግን የሚያርፉበት ድልድይ የለም። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ መድኃኒቶች የቀረውን ማቆየትና ማጠናከር ቢችሉም የጠፋውን መያያዣ በአብዛኛው አይመልሱትም። ቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቅርፊቱም ቢሆን አይተርፍም፤ ከውስጥ በኩል እየተቦረቦረ ይሳሳል፣ ቀዳዳዎቹም ይበዛሉ፤ ይህ ግን ዘግይቶ የሚመጣና በተለይ ዳሌን የሚጎዳ ነው።

አንዲት ሴት ከማረጥ በኋላ ባሉት 5 ዓመታት እስከ 10 በመቶ የሚሆነውን አጥንቷን ልታጣ ትችላለች፤ በአንዳንዶች ከ5 እስከ 7 ዓመታት ውስጥ የሚጠፋው 20 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ መጥፋቱ አይቆምም። እዚህ ላይ ብዙ እናቶች ሲናገሩ የሚሰማውን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ «አጥንቴን የጨረሰው ማጥባቱ ነው» ይባላል። ጡት በማጥባት ጊዜ ኤስትሮጅን ስለሚቀንስና ካልሲየም ወደ ወተቱ ስለሚሄድ አጥንት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ልጁ ጡት ሲጥልና የወር አበባ ሲመለስ አጥንቱ በአብዛኛው ይተካል። ከማረጥ በኋላ ኤስትሮጅኑ ተመልሶ ስለማይመጣ የሚተካ ነገር የለም።

በተለይ መጠንቀቅ ያለባቸው

የወር አበባቸው ከ45 ዓመት በፊት የቀረ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከ40 ዓመት በፊት የቀረ ሴቶች፣ እንዲሁም እንቁላል የሚያመነጩት ሁለቱም እጢዎች በቀዶ ሕክምና የወጡላቸው፣ አጥንታቸው የኤስትሮጅን ጥበቃ ያጣው ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነውና ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር አለባቸው። ክብደታቸው ከ57 ኪሎ በታች የሆነ፣ እናታቸው ወይም አባታቸው ዳሌ የተሰበረባቸው፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የወሰዱ፣ ለጡት ካንሰር ሌትሮዞል ወይም አናስትሮዞል የሚወስዱ ሴቶችም እንዲሁ። ከቁመት ከፍታ ላይ፣ ማለትም ቆመው ሳሉ ወድቀው ከ50 ዓመት በኋላ አጥንት የተሰበረባቸው ከሆነ ደግሞ ይህ ብቻውን አጥንቱ እንደሳሳ የሚጠቁም ጠንካራ ምልክት ስለሆነ «አወዳደቄ ክፉ ነበር» ብሎ ማለፍ አይገባም።

የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ኤስትሮጅንን ስለሚቀንስ በሚወሰድበት ጊዜ የአጥንት መጠን በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። መርፌውን በፍርሃት አቋርጦ ላልተፈለገ እርግዝና መጋለጥ አይገባም፤ ለብዙ ዓመታት የተጠቀሙበትና ወደ ማረጥ ዕድሜ የተጠጉ ሴቶች ግን ሌላ አማራጭ እንዳለ በጤና ጣቢያ ቢጠይቁ መልካም ነው።

ቤት ውስጥ ራስን መለካት

ለዚህ ግድግዳ፣ እርሳስና የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃሉ። ጠዋት፣ በባዶ እግር፣ ተረከዝንና መቀመጫን ከግድግዳ አስጠግተው ይቁሙ፤ ልጅዎ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በራስዎ ላይ አግድም አድርጋ ግድግዳው ላይ ምልክት ታድርግና ከወለሉ ትለካ። ቁጥሩን ከነቀኑ በደብተር ይጻፉና በየዓመቱ ይድገሙት። ከቀደመው ልኬት 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከወጣትነት ቁመትዎ 4 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰ የአከርካሪ አጥንት ሳይታወቅ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል የጀርባ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል። ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው ከአከርካሪ ስብራቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በጊዜው ሳይታወቁ ስለሚያልፉ ነው፤ ወገቤን ነካኝ፣ ብርድ መታኝ፣ እርጅና ነው እየተባለ ይታለፋል።

በዚያው በቆሙበት የራስዎ የኋላ ክፍል ግድግዳውን ያለ ጭንቅ ይነካ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልነካ ጀርባ ጎብጧል ማለት ነው። ቀጥሎ ልጅዎ ከኋላ ቆማ በጎንዎ በኩል በመጨረሻው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ጣቶቿን ታስገባ፤ ከሁለት ጣት ያነሰ ቦታ ብቻ ካገኘች አከርካሪው አጥሯል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ቀድሞ ልክ የነበረ የሐበሻ ቀሚስ ከፊት በኩል መሬት መንካት፣ ከኋላ ደግሞ መነሣት ሲጀምርም ልብ ሊባል የሚገባው ምልክት ነው።

የአጥንትን ጥግግት በትክክል የሚለካው ዴክሳ የተባለው ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ አጥንትን ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ቲ-ስኮር የሚባለው ውጤት ከ-2.5 እኩል ወይም በታች ሲሆን የአጥንት መሳሳት በሽታ፣ ከ-1 እስከ -2.5 ሲሆን ደግሞ ዝቅተኛ የአጥንት መጠን ይባላል። ተራ ራጅ ስብራትን ያሳያል እንጂ መሳሳትን ቀድሞ አያሳይም፤ ከአጥንቱ ማዕድን 30 በመቶ ያህሉ እስኪጠፋ ድረስ በራጅ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብሽም ተባልኩ» የሚለው ዋስትና አይሆንም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲሄዱ የወር አበባዎ የቀረበትን ዕድሜ፣ የቁመትዎን ደብተርና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው ቢቀርቡ ሐኪሙ ምርመራው እንደሚያስፈልግዎ ለመወሰን ይቀለዋል።

ምግብና ፀሐይ

ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። ካልሲየም ብቻውን የኤስትሮጅንን ቦታ እንደማይተካ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ነገር ግን በምግብ ያልገባውን ሰውነት ከአጥንት ስለሚወስድ ጉድለቱ ጥፋቱን ያባብሳል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ቅቤ ከወተት የወጣ ቢሆንም ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ እርጎው ሲናጥ ካልሲየሙ የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው። አሬራው ተሞቆ አይብ ሲሆን ደግሞ ከካልሲየሙ ብዙው ወደ አጓቱ ይሄዳል። ስለዚህ ቅቤው ተሸጦ አሬራው በቤት የሚቀር ከሆነ እናት አሬራውን ትጠጣው፤ ለልጆች ብቻ የሚተው አይደለም።

ከአትክልት ጎመንና ቆስጣ አንድ ይመስላሉ፤ ለአጥንት ግን በጣም ይለያያሉ። ቆስጣ ኦክሳሌት የተባለ ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ስለሚበዛበት በውስጡ ካለው ካልሲየም ሰውነት የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ የጎመኑን ግን በደንብ ይወስደዋል። ጤፍ በ100 ግራም እህል 180 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ስላለው ከስንዴም ከበቆሎም ይበልጣል፤ የሊጡ መቡካትም ማዕድናትን የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ይጠቅማል። ሰሊጥም ካልሲየም አለው። በጾም ወቅት ወተት ስለማይኖር እነዚህ ሦስቱ፣ ማለትም ጎመን፣ ጤፍና ሰሊጥ፣ ከማዕድ ባይጠፉ፤ ሽሮና ክክ ደግሞ ለጡንቻም ለአጥንትም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ረጅም ጾም የምትጾም፣ ቀጭን የሆነችና አጥንቷ የሳሳ እናት ስለ ካልሲየም እንክብል ከሐኪሟ ጋር፣ ስለ ጾሟ ደግሞ ከንስሐ አባቷ ጋር ብትነጋገር ይበጃታል።

የጣና ዓሦች ቀረሶና አምባዛ ጥሩ ፕሮቲን ናቸው፤ ካልሲየሙ ግን ያለው በአጥንታቸው ስለሆነ ሥጋቸውን ብቻ መብላት በዚህ በኩል ብዙም አይጨምርም። እንክብል የታዘዘላት ሴት በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም ሳታስበልጥ፣ ካርቦኔት የተባለው ዓይነት ከሆነ ከምግብ ጋር ትውሰደው፤ ከአይረን እንክብል ጋርም አትቀላቅለው።

ካልሲየም ከአንጀት እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ መጠኑ እስከ 70 ዓመት በቀን 600፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ነው። ባሕር ዳር ፀሐይ አታጣም፤ ሆኖም ቀኑን በቢሮ ወይም በማጀት የሚያሳልፍ፣ ሲወጣም በነጠላና በጃንጥላ የሚሸፈን ሰው ጥቅሙን አያገኝም። የማለዳ ፀሐይ ለሙቀት ደስ ይላል እንጂ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር በዚያ ሰዓት አነስተኛ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ክንድንና ፊትን ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ጥቂት ቀናት ማሳየት የተሻለ ነው።

እንቅስቃሴ፣ ሸክምና ውድቀት

አጥንት የሚጠነክረው ጫና ሲያርፍበት ነው። የባሕር ዳር ሰው ብስክሌት ይወዳል፤ ለልብም ለጉልበትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ክብደቱን የሚሸከመው ኮርቻው ስለሆነ አከርካሪና ዳሌ የሚፈልጉትን ጫና አያገኙም። በብስክሌት የሚንቀሳቀሱ ሴቶች በሐይቁ ዳር ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይጨምሩበት፤ ጤናቸው የሚፈቅድ ከሆነ የቤዛዊትን ዳገት መውጣት የበለጠ ይረዳል። በቤት ውስጥ ደግሞ እጅን ሳይደግፉ ከወንበር አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በእግር ጣቶች ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ መውረድ፣ አንድ እግርን አንሥቶ መቆም የእግርን ጡንቻ ያጠነክራሉ፣ ሚዛንንም ያስጠብቃሉ።

ጫና ሁሉ ግን ጥሩ አይደለም። ለሳሳ አከርካሪ ከሁሉ የከፋው ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሣት ነው፤ ያን ጊዜ የአጥንቱ የፊት ክፍል ይጨፈለቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ይህን በጀርባ አዝሎ፣ ወገብን አጉብጦ መሄድ ከማረጥ በኋላ መቅረት ያለበት ሥራ ነው። ውኃው ባለ 5 ሊትር በሆኑ ሁለት ዕቃዎች፣ በሁለት ምልልስ ተከፍሎ በሁለት እጅ ይያዝ፤ ከመሬት ሲነሣም ጉልበት ይታጠፍ እንጂ ወገብ አይጎንበስ። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ ከፍ ቢልላት፣ የቡናው በርጩማም ቁመቱ ቢጨመር ወገቧ ያርፋል። ስግደት ለሚሰግዱም እንዲሁ ነው፤ አከርካሪ ተሰብሮ የሚያውቅ ከሆነ ወገብን አጥፎ ደጋግሞ መውደቅ አደጋ አለው፤ መቋሚያ ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም ግን ለአጥንት መልካም ጫና ነው። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴት ገዳማት በሞተር ጀልባ ሲሄዱ ከፊት አይቀመጡ፤ ማዕበል ሲኖር ጀልባው የሚነሣውና የሚወርደው በፊቱ በኩል ስለሆነ ግጭቱ በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል።

የእጅ አንጓና ዳሌ የሚሰበሩት በመውደቅ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ የእጅ ባትሪ ከአልጋ አጠገብ ይኑር፤ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ከዕቃና ከሚንሸራተት ምንጣፍ ነጻ ይሁን፤ በክረምት እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይደረግ። ዓይን ማስመርመርና የሚያዞር መድኃኒት ካለ ለሐኪም መንገርም የዚሁ አካል ነው።

ሕክምናው

ኤስትሮጅንን በሆርሞን ሕክምና መተካት ጥፋቱን ከምንጩ ይገታል። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱ ይፋ የሆነው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ሕክምናው የዳሌ ስብራትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ኤስትሮጅኑ ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሌላ ሆርሞን ጋር ሲሰጥ ግን የጡት ካንሰርን፣ የደም መርጋትንና ስትሮክን በጥቂቱ እንደሚጨምርም አሳይቷል። ስለዚህ በአብዛኛው የሚመከረው ከ60 ዓመት በታች ለሆኑ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው፣ በተለይም ያለ ዕድሜያቸው ላረጡ ሴቶች ነው፤ ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅኑን ብቻውን መውሰድ የለባትም። ሕክምናው ሲቆም ጥበቃውም እንደሚቆም መታወቅ አለበት።

አሌንድሮኔት አፍራሽ ሴሎችን የሚገታ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ የ70 ሚሊ ግራም እንክብል ነው። ጠዋት ከምግብም ከቡናም በፊት፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኙና ሌላ ነገር ሳይቀምሱ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጉሮሮን ያቆስላል፣ መድኃኒቱም አይሠራም። በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ የተባለ መድኃኒት ከተጀመረ ቀጠሮውን ማሳለፍ አይገባም፤ በድንገት ሲቋረጥ አጥንት በፍጥነት ስለሚጠፋ ብዙ የአከርካሪ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። ማንኛውም መድኃኒት ሲጀመር ለምን ያህል ዓመት እንደሚወሰድና መቼ እንደገና እንደሚገመገም ሐኪሙን ይጠይቁ።

ስብራት ከደረሰ ወደ ወጌሻ መሄድ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ጠብቆ የታሰረ እጅ ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል፤ በተጨፈለቀ አከርካሪ ላይ የሚደረግ ማሸትም ስብራቱን ያባብሰዋል። ከወደቀች በኋላ መቆም ያቃታት፣ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ የዞረ እናት ዳሌዋ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ሳትታሽ፣ እግሯ ሳይንቀሳቀስ ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። አጥንቱ ከተጠገነ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም፤ አዲስ የአከርካሪ ስብራት ከደረሰባቸው ሴቶች ከአምስቷ አንዷ በዚያው ዓመት ውስጥ ሌላ ስብራት ይደርስባታል። ስለሆነም ጀሶው ሳይወጣ፣ ቤተሰቡ ገና በሆስፒታሉ ሳለ፣ የመሳሳቱ ሕክምና መቼ እንደሚጀመር መጠየቅና ቀጠሮውን ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።